ጉልቻው ሲለወጥ ልማዱም ይለወጥ
አዲስ የማገዶ ምድጃን በአጥቢያ ማዕድ ቤቶች በጥንቃቄ ስለ መጠቀም



በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እሳት እንደሚነድ ብንቆጥር ቁጥሩ ራሳችንን ያስገርመናል። የንግሥ በዓላት አሉ፤ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት አሉ፤ የአብነት ተማሪዎች በሚገኙበት ደብር ደግሞ ማዕድ ቤቱ በየዕለቱ ይሠራል። በገዳማት የመነኮሳቱና የእንግዶቹ መስተንግዶ አለ። በቤተ ልሔም የሚነደው እሳት ደግሞ የራሱ ሥርዓትና የራሱ አገልጋዮች አሉት። ይህ ሁሉ ማገዶ ከየት ይመጣል? ከፊሉ በገንዘብ ይገዛል፤ ከፊሉ ምእመናን ተሸክመው ያመጡታል፤ ከፊሉም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በቅጥራችን ዙሪያ ካለው ደን የሚለቀም ነው። ጭሱን የሚተነፍሱት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ወጥ የሚሠሩልን፣ እንጀራ የሚጋግሩልን እናቶችና እኅቶች ናቸው።

በዚህ ምክንያት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማስተከል በብዙ አጥቢያዎች የልማት ዕቅድ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” የሚለው የአበው አነጋገር እዚህ ላይ በቃሉም በምሥጢሩም ይሠራል። ምድጃው ተለውጦ የእሳት አያያዛችን ካልተለወጠ ማገዶው አይቀንስም፤ ጭሱም አይጠፋም። አልፎ ተርፎም፣ የተዘጋ ምድጃ በክፍት ጉልቻ ላይ የማናውቃቸውን አደጋዎች ይዞ ይመጣል። በጉብኝት በደረስንባቸው ቦታዎች ደጋግመን የምናየውም ይህንኑ ነው፤ ምድጃው በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ “ይጨሳል፣ አይሠራም” ይባልና የእንጨት መደርደሪያ ሆኖ ይቀራል፤ ከጎኑ ሦስቱ ጉልቻ ይመለሳሉ። ምድጃውን ማስተከል የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መልመድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ሁለተኛውን ግማሽ በየተራው ማስረዳት ነው።

ጭስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው

እንጨት ሲግል ከውስጡ ተን ይወጣል። ነበልባል የምንለው ይህ ተን ሲነድ የሚታየው ነው። ተኑ በደንብ እንዲነድ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ከፍተኛ ሙቀትና በቂ አየር ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ተኑ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ስለዚህ ከጣሪያችን በላይ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ስናይ፣ በገንዘብ የገዛነው ወይም በጀርባ የተሸከምነው ማገዶ ጥቅም ሳይሰጥ ወደ ሰማይ እየሄደ መሆኑን እንረዳ።

በሦስት ጉልቻ ላይ አየር ከየአቅጣጫው ስለሚገባ እሳቱ ይነዳል፤ ሙቀቱ ግን በዚያው መጠን ይበተናል። የተሻሻለው ምድጃ እሳቱን በጠባብ ክፍል ውስጥ ያጥረዋል፤ ግድግዳው ሙቀቱን ይይዛል፤ አየሩ ከታች በኩል ገብቶ ማገዶው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ትኩሱ ጋዝ የድስቱን ታችና ጎን አሽቶ ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሀገራችን የተሠራጨው፣ ከስሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ የሚሠራው ሚርት የእንጀራ ምድጃም በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው። ሚርት ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚቆጥብ ይነገርለታል። ይህ ውጤት የሚገኘው ግን በአግባቡ ሲሠሩበት ብቻ ነው።

ይህ መርሕ የእኛ ሀገር ምድጃ ብቻ አይደለም። ብርድ በሚጸናባቸው ሀገሮች፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ ቤት የሚያሞቁ አንዳንድ የብረት ምድጃዎች ካታሊስት የሚባል፣ የማር እንጀራ የሚመስል ቀዳዳ የበዛበት ክፍል አላቸው። ክፍሉ እንደ ፕላቲነምና ፓላዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት የተለበጠ ነው። ጭስ በተለመደው ምድጃ ውስጥ ለመንደድ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ሲፈልግ፣ በዚህ ክፍል ሲያልፍ ግን ከ260 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይነዳል። ይህን ያህል የረቀቀ ምድጃ እንኳ ያለ ትምህርት አይሠራም። መለኪያው በቂ ሙቀት ሳያሳይ ጭሱን ወደ ካታሊስቱ መምራት አይገባም፤ በር ከመክፈት በፊት የጭሱን ቀጥተኛ መውጫ መክፈት ያስፈልጋል፤ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት ቢነድበት ልባጡ ይበላሻል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ምድጃ ያለበት ቤት ቢገቡ መመሪያውን ሳያነቡ እሳት እንዳያነድዱ እንመክራለን። እኛም ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ፤ ምድጃው በተሻሻለ ቁጥር የሚያነድደው ሰው ዕውቀትም አብሮ መሻሻል አለበት።

ከመጀመሪያው እሳት በፊት

ከስሚንቶ ወይም ከጡብና ከጭቃ የተሠራ ምድጃ እንደ ተሠራ አይነድበትም። የስሚንቶው ክፍል ሳይደርቅ ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ መጠንከር አለበት፤ ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። በግድግዳው ውስጥ የቀረ እርጥበት በድንገት ቢግል ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ምድጃውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለበዓል እንዲደርስ ተብሎ በጥድፊያ ማንደድ ከባድ ጉዳት ያስከትላል። ባለሙያው ደርቋል ካለ በኋላም የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ ይሁኑ፤ በመጀመሪያው ቀን በጭራሮ ብቻ ለግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው ቀን ትንሽ ረዘም አድርጎ፣ እንዲህ እያሉ ሙቀቱን ማለማመድ ይገባል። አዲስ ምጣድም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይሟሻል እንጂ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ እሳት አይመታም።

የጭስ ማውጫው አተካከል በተለይ ሊመረመር ይገባዋል። ነጠላ ቆርቆሮ የሆነ ጭስ ማውጫ ከእንጨት፣ ከሣርና ከሸራ ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ አለበት። የማዕድ ቤቱ ክዳን ሣር ከሆነ ጭስ ማውጫው በክዳኑ መካከል እንዲያልፍ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ በግድግዳ በኩል ወጥቶ ከክዳኑ ርቆ ይቁም፤ ከተቻለም ክዳኑ በቆርቆሮ ይለወጥ። ከጣሪያው በላይ ያለው ጫፍ በአቅራቢያው ካለው የክዳን ክፍል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላለ ነፋስ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ጫፉ ላይ ዝናብ የሚከለክል ቆብ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የጭሱን መንገድ የሚያጠብ መሆን የለበትም።

አንድ ማስገንዘቢያ እንጨምር። ሚርት ምድጃ በመደበኛ ንድፉ ረዥም ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በስተኋላው ባለው የድስት ማስቀመጫ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሚርት የተተከለበት ማዕድ ቤት መስኮትና ከጣሪያ ሥር ክፍተት ያስፈልገዋል። “አዲስ ምድጃ ስላለን” ብሎ መስኮት መድፈን ትልቅ ስሕተት ነው።

ማገዶው ይድረቅ፣ ይፈለጥ፣ ይከማች

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። አንድ 20 ኪሎ የሚመዝን እርጥብ ሸክም ወደ ምድጃው ስናስገባ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውኃ አብረን አስገባን ማለት ነው። ያ ውኃ ሁሉ ፈልቶ ተን ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እሳቱ የሚሠራው ለድስቱ ሳይሆን ለውኃው ነው። በጀሪካን ውኃ ይዞ እሳቱ ላይ የሚያፈስ ሰው ብናይ እንገሥጸዋለን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድደውም ይህንኑ እያደረገ ነው።

ስለዚህ ማገዶ ከክረምት በፊት ይቆረጥ፤ ወዲያውም ይፈለጥ፤ ፍልጥ ከድፍን ግንድ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃልና። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከላይ ክዳን ባለው ግን ጎኑ ነፋስ በሚያስገባ መጠለያ ይደርደር። የዘንድሮው ከአምናው ጋር አይቀላቀል፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። መድረቁን ለማወቅ ሦስት ቀላል ምልክቶች አሉ። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ይታይበታል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲነድም በጫፉ አረፋ አያወጣም፣ አያፏጭም። ውፍረቱ ከአውራ ጣት እስከ ሕፃን ልጅ የእጅ አንጓ ቢሆን ለአዲሱ ምድጃ ይስማማዋል። ጉማጅ ግንድ ለሦስት ጉልቻ እንጂ ለዚህ ምድጃ አልተፈጠረም።

ምድጃው ቆሻሻ ማቃጠያም አይደለም። ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጎማ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኬሚካል የጠጣ የመብራት ምሰሶ ቁራጭና ባትሪ አይነድበትም። መርዛማ ጭሳቸው የሚያበስሉትን ይጎዳል፤ ምግቡንም ሊበክል ይችላል። እሳት ለማያያዝም ነጭ ጋዝና ቤንዚን ፈጽሞ አይፈሰስ። በተለይ በጋመ ፍም ላይ የሚደፋ ጋዝ በቅጽበት ወደ ያዘው ሰው እጅ ይመለሳል።

አለኳኮስና አያያዝ

ከመለኮስ በፊት የሚደረጉትን አስቀድመን እንዘርዝር።

1. የትናንቱ አመድ ይውጣ፤ ከማገዶው በታች ያለው የአየር መንገድ ባዶ ይሁን።
2. በርና መስኮት ይከፈት።
3. የጭስ ማውጫው መዝጊያ ካለው መከፈቱ ይረጋገጥ።
4. ድስቱ ውኃ ወይም ምግብ ይዞ በቦታው ይቀመጥ። ድስት የሌለበት ክፍት አፍ ጭሱን ሁሉ ወደ ቤት ይለቀዋል።
5. አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ባልዲ አሸዋ በአቅራቢያው ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ እፍኝ ደረቅ ጭራሮ ተለኩሶ በማንደጃው ክፍል ጥልቅ ቦታ ይግባ። ጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ እስከ ሆነ ድረስ አይስብም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በቀጭን ማገዶ ነበልባል አሙቁት። መሳብ ሲጀምር ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ፍልጥ ይጨመር። የሚነደው ጫፋቸው ብቻ ነው፤ ጫፉ ነድዶ ሲያልቅ ወደ ፊት ይገፋል። የማገዶ መግቢያው ከግማሽ በላይ በእንጨት አይሞላ፤ የቀረው ግማሽ የአየር መንገድ ነው። ብዙ እንጨት ብዙ እሳት ይሰጣል የሚለው የጉልቻ ልማድ እዚህ ተቃራኒውን ያመጣል፤ የታጨቀ ምድጃ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል።

ድስቱ ከፈላ በኋላ ከሦስቱ ፍልጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ይውጡ፤ የፈላን ወጥ ለማብሰል ትንሽ እሳት ይበቃዋል። ክዳን ይደረግበት። በአጽዋማት ብዙ የምንቀቅላቸው ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፈው ቢያድሩ የማብሰያው ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። ይህም ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ የማገዶ ቁጠባ ነው። እንጀራ ሲጋገርም ቀኑን ከፋፍሎ ከማንደድ ይልቅ ሊጡን አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚቀጥለው እንጀራ ጥቂት ማገዶ ነው የሚፈልገው። የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት እንጀራዎች አዲስ ማገዶ ሳይጨመር በቀረው ሙቀት ይጋገራሉ።

ጭስ ወደ ቤት ሲመለስ

ምድጃው ቢጨስ “ተበላሽቷል” ከማለት በፊት በቅደም ተከተል እንመርምር። ማገዶው እርጥብ ነውን? መግቢያው ታጭቋልን? አመድ የአየሩን መንገድ ዘግቶታልን? ድስቱ ቦታው ላይ በትክክል አልተቀመጠምን? በግድግዳው ወይም በምጣዱ ጠርዝ ስንጥቅ አለን? ጭስ ማውጫው በጥቀርሻ ወይም በወፍ ጎጆ ተደፍኗልን? የቤቱ በርና መስኮት ሁሉ ተዘግቶ አየር መግቢያ አጥቷልን? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። ትንሽ ስንጥቅ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ትልቅ ስንጥቅ ለባለሙያው ይነገራል። አንድ ነገር ግን አይደረግም፤ ጭሱን ለመቀነስ ተብሎ ግድግዳው አይሸነቆርም፣ መግቢያውም በመዶሻ አይሰፋም።

የማይታየው አደጋ

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ከምግብ ማብሰያ በሚወጣ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ይህ በየዕለቱ በሚተነፈስ ጭስ ሳንባንና ልብን እያደከመ የሚመጣ ጉዳት ነው። ከጭሱ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ሌላ ነገር ደግሞ አለ።

ፍም አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። ነበልባል የሌለው፣ የማይጨስ፣ ደስ የሚል ቀይ ፍም ሁሉ ያወጣዋል። ስለዚህ ጭስ አለመኖሩ የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም። በደጋው ብርድ የአብነት ተማሪዎች በጎጇቸው፣ ዘበኞች በማደሪያቸው፣ ለበዓል የመጡ እንግዶች በማረፊያቸው ከምድጃው ፍም አውጥተው በማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ሲያስገቡ፣ በሩንም ዘግተው ሲተኙ፣ ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ጋዝ ነው። በአዲሱ ምድጃ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ተብሎ ፍም እያለ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ከተዘጋ ጋዙ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ሕግጋት ያለ ምንም ልዩነት ይጠበቁ፤ ፍም ሰው ወደሚተኛበት ቤት አይግባ፤ እሳቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ የጭስ ማውጫው አይዘጋ። በማዕድ ቤትም ማንም አይተኛ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛልና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲህ ከተሰማቸው ሌላ ምክንያት ሳንፈልግ ይህን እንጠርጥር። በሩ ይከፈት፤ ሰዎቹ ፈጥነው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ጤና ጣቢያ ይድረሱ፤ “ተሻለኝ” ያለውም ቢሆን ይታይ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ አይጠጣለትም።

ቃጠሎ፣ አመድና ጥቀርሻ

በማዕድ ቤት የሚያገለግሉ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲያጎነብሱ ጫፉ ወደ እሳቱ መግቢያ ይወርዳል። በማብሰል ላይ ሳሉ ነጠላው ይውለቅ፣ ወይም ወገብ ላይ ይታሰር። በቀላሉ የሚቀልጥና ገላ ላይ የሚጣበቅ የናይለን ልብስም አይለበስ። ልብስ ቢያያዝ መሮጥ እሳቱን ያባብሰዋል፤ ሰውየው መሬት ላይ ይንከባለል፣ ወይም በጋቢ ይሸፈን። የተቃጠለ ገላ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላልና ጭቃ አይቀባ። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። በድስት ውስጥ የተያያዘ ዘይት በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

አመድ የሞተ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ፍም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በፕላስቲክ ባልዲ አይያዝ፤ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ተደርጎ ከቤት ውጪ በባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ። በበጋ ደረቅ ሣር ባለበት አጥር ሥር ወይም በደኑ ዳር የሚደፋ ትኩስ አመድ ለዘመናት የተጠበቀውን ደን በአንድ ከሰዓት ሊያሳጣን ይችላል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ለአትክልት ይጠቅማል።

እርጥብ ማገዶና የታፈነ እሳት በጭስ ማውጫው ውስጥ ዝፍት የሚመስል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጥቀርሻ ያበጃሉ። የጥቀርሻው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ይጠረግ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው፣ ከትልልቅ በዓላት በፊት ግን ሁልጊዜ፣ ምድጃው በቀዘቀዘበት ሰዓት ይታይ። የሚያጉረመርም ድምፅ ከጭስ ማውጫው ከተሰማና ከጫፉ የእሳት ፍንጣሪ ከወጣ ጥቀርሻው ተያይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰዎች ሁሉ ይውጡ፤ የምድጃው አፍ በብረት ወይም በእርጥብ ጭቃ ይዘጋ፤ ጣሪያው ይጠበቅ። በጭስ ማውጫው ውስጥ ውኃ አይደፋ፤ በድንገት የሚፈጠረው እንፋሎት ያፈነዳዋልና።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህ ሁሉ ለአንዲት ወጥ ሠሪ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በንግሥ ቀን ማዕድ ቤቱ በማያውቁት እጆች ይሞላል፤ ምድጃውም የሚበላሸው፣ አደጋውም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ግርግር ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለኮሚቴዎች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠሩበትን እናቶች ጠይቁ። ቁመቱን፣ የድስቱን መጠንና የቤቱን አቀማመጥ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ሥራውን ሲያስረክብ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በፊቱ አንድደው እንዲያሳዩ አድርጉ። ክፍያው ከዚያ በኋላ ይጠናቀቅ። በቤተ ልሔም አዲስ ምድጃ ከተተከለ የሚሠለጥኑት እዚያ የሚያገለግሉት ካህናትና ዲያቆናት ራሳቸው ናቸው፤ እሳት የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አያዋጣም። ሦስተኛ፣ በበዓል ቀን ከሠለጠኑት አንዱ የእሳት ኃላፊ ሆኖ ይመደብ፤ ማገዶ የሚጨምረው እርሱ ወይም እርሷ ብቻ ይሁኑ። አራተኛ፣ በዓመታዊ በጀት ውስጥ ለጭስ ማውጫ መጥረጊያ፣ ለምጣድ መተኪያና ለምርጊት ጥቂት ገንዘብ ይያዝ። አምስተኛ፣ ውጤቱን በሚዛን ለኩት፤ ተመሳሳይ ቁጥር ላላቸው ተመጋቢዎች አንድ ሳምንት በጉልቻ፣ አንድ ሳምንት በአዲሱ ምድጃ የሚነደውን ማገዶ መዝናችሁ በመዝገብ አስፍሩ። ሁለቱ ቁጥሮች እምብዛም ካልተራራቁ ከላይ የዘረዘርናቸውን እንደ ገና መርምሩ፤ በጣም ከተራራቁ ግን መዝገቡን ለምእመናን በዐውደ ምሕረት አስታውቁ። ከማንኛውም ስብከት በላይ ሌሎችን የሚያሳምነው የራሳቸው ደብር ቁጥር ነውና።

ልማድ በአንድ ቀን ሥልጠና አይለወጥም፤ የሁለትና የሦስት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። በእነዚያ ወራት “ጉልቻው ይሻል ነበር” የሚሉ ድምፆች መሰማታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ መልሱ ክርክር አይደለም፤ ደረቅ ፍልጥ አቅርቦ፣ አመዱን አውጥቶ፣ አብሮ ቁጭ ብሎ ማንደድ ነው። ለሌሎች ማዕድ የሚያዘጋጁ እናቶች ዐይናቸው ሳያነባ፣ ተማሪዎቻችን በሰላም አድረው ሲነሡ፣ ደናችንም በቅጥራችን ዙሪያ ቆሞ ሲቆይ፣ ያን ጊዜ ምድጃው በእውነት ተተከለ እንላለን። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።